ግልብጡን ቤት የሸጥኩ ሰሞን

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ ጽጌ፣ ዛር፣ መንፈስ፣ ጥላ ምናምን የሚባል ነገር አላምንም። አላምንም ስላችሁ ደግሞ እንደ አንዳንዶቹ ቀን ቀን ደረቱን ነፍቶ ሲመሽ ተከናንቦ እንደሚተኛው ዓይነት አይደለሁም። ናዝሬት ውስጥ ቤት ሳሻሽጥ ስንት ዓመቴ፣ ሰው የሞተበት ቤት ሸጫለሁ፣ ሰፈርተኛው በፊት ለፊቱ አያልፍም የተባለ ቤት ሸጫለሁ፣ ከዚያ በፊትም ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም እያስጫንኩ ከሹፌሮች ጋር በሌሊት ስመላለስ፣ ቆቃ ጋ ነጭ የለበሰች ሴት መንገድ ላይ ትቆማለች እየተባለ ስንቴ አልፌበታለሁ፣ መንገድ ላይ ቆሞ ያየሁት ትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው። የሞተ ሰው ውል አይፈርምም፣ ስለዚህ ከእኔ ጋር ጉዳይ የለውም እል ነበር፣ አሁንም እላለሁ። ብቻ ይቺን አንዲት ነገር ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ፣ እኔ እንደሆነ ፍርዱ ጠፍቶብኛል።

ቤቱን የናዝሬት ሰው ከሆናችሁ ሳታዩት አትቀሩም፣ የሰፈሩ ሰው ግልብጡ ቤት ይለዋል። ጣሪያው እንደ ሰው ቤት ወደ ውጭ አይደለም የሚያዘነብለው፣ ከግራም ከቀኝም ወደ መሃል ነው፣ ዝናቡ መሃል ላይ ባለው አሸንዳ ይሰበሰብና ግቢው ውስጥ ወደተቀበረ ታንከር ይወርዳል፣ ሰፈሩ ውሃ ጠፋ ብሎ ጀሪካን ይዞ ሲሯሯጥ እዚያ ቤት አበባ ይጠጣል። በጃንሆይ ጊዜ አንድ ግሪክ መሐንዲስ ነው አሉ የሠራው፣ ያሠሩት ደግሞ አቶ ሰዒድ የሚባሉ፣ የጭነት መኪኖች የነበሯቸው የወሎ ሰው ናቸው። መስኮቱ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ ወለሉ አረንጓዴ ጠጠር ጣል ጣል ያለበት ቴራዞ፣ የበረንዳው አንዱ ጎን በሙሉ ባለ ቀዳዳ ብሎኬት፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ደግሞ ፀሐይ የሚያክል ክብ መስኮት፣ እመኑኝ የናዝሬት ሙቀት ሰው ሲያቀልጥ እዚያ ሳሎን ውስጥ ነጠላ ያስደርባል። ቤት አይቼ የማልደነግጠው ሴትዮ መጀመሪያ ቀን ስገባ አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት።

አቶ ሰዒድ ካረፉ ቆይተዋል፣ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ባለቤታቸው እማማ ዘይነባ ብቻቸውን ነበሩ። አንድ ማታ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ወድቀው፣ የሚያነሳቸው ሰው ጠፍቶ፣ እስኪነጋ መሬት ላይ አደሩ። ልጃቸው ከዲጃ ይሄን ስትሰማ ከአሰላ በርራ መጣችና "ከእንግዲህ አንድ ቀን ብቻዎን አያድሩም" ብላ ይዛቸው ሄደች፣ ቤቱ እንዲሸጥ ቁልፉ እኔ እጅ ገባ። እማማ ዘይነባ ግን መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ መስታወቱን አስወርደው ምን አሉኝ መሰላችሁ፣ "ጽጌዬ፣ የሚኖርበት ሰው እስክታገኚ ድረስ አሰላ እንግዳ ነኝ፣ ሳጥኔንም አልፈታም። የሚያፈርስ ሰው ካመጣሽብኝ ወላሂ ተመልሼ እገባበታለሁ፣ ከነእኔ ያፍርሱት።"

የሽማግሌ ነገር ነው፣ ይረሱታል ብዬ ተውኩት። ምን ይረሱታል! ከዲጃ በየቀኑ ትደውላለች፣ እህል አይቀምሱም፣ ሳጥኑ እንደተቆለፈ አልጋው ሥር ነው፣ ጠዋት ሲነሱ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ይቀመጣሉ፣ "ወደ ቤቴ" ነው ወሬው ሁሉ። "እትዬ ጽጌ በአላህ፣ ሁለተኛ እዚያ ወድቀው ካደሩ እኮ እኔ ነኝ የምቀብራቸው" እያለች ታለቅሳለች፣ እኔም ሆዴ ይባባል። ገዢው ደግሞ ሞልቷል፣ ግን ቤት ፈላጊ አይደለም፣ መሬት ፈላጊ ነው። በተለይ አንድ ሕንፃ ሠሪ ነበር፣ ጨዋ ሰው ነው አልወቅሰውም፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ሰተት ብሎ ይገባል፣ በሜትሩ ከአጥር አጥር ይለካል፣ ሲወጣ "ቤቱ ያምራል፣ ያሳዝናል" ይለኛል፣ ልክ ነገ ሊታረድ ስለታሰበ በግ እንደሚያወራ። ከዲጃ ተስፋ ቆርጣ "ለሱ ይሁን በቃ" ልትል ምንም አልቀራት፣ እማማ ዘይነባም ይሄን ጠርጥረው "ቅዳሜ ቤቴ ነኝ" ብለው ቁርጣቸውን ተናግረዋል።

እንግዲህ በዚያ ሳምንት ነው እነ ጫልቱ የመጡት። ባሏ ደረጀ ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚያስለቅቅ ትራንዚተር ነው፣ ዝምተኛ፣ ቃል የሚከፈልበት የሚመስለው ሰው። ጫልቱ በመቂ አካባቢ ያደገች፣ መጋረጃ የምትሰፋ፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ከሥራ መልስ እንመጣለን ብለው አስጠብቀው አስጠብቀው ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ደረሱ፣ መብራት ደግሞ ያን ቀን ከሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል፣ በጨለማ ምን ሊያዩ ነው ብዬ ተቆጥቻለሁ። የግቢውን በር ቁልፍ ከውጭ በገዛ እጄ ነው የከፈትኩት፣ ይቺን ያዙልኝ፣ ተንጠልጥሎ የነበረው ትልቁ ጓጉንቸር ነው፣ ውስጥ ሰው ቢኖር ከውጭ ማን ይቆልፍበታል?

ሕንፃ ሠሪውም ሆነ ከሱ በፊት የመጡት ሁሉ፣ እኔም ራሴ፣ ዝም ብለን ነበር የምንገባው። ባዶ ቤት ነዋ! ጫልቱ ግን በረንዳው ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እንደ ሰው ልጅ ወግ "ቤቶች!" ብላ ተጣራች። ሳቄ መጣ፣ "የኔ እመቤት፣ ማን አለ ብለሽ ነው፣ ቤቱ እኮ ባዶ…" ብዬ ሳልጨርስ ከውስጥ፣ ከኮሪደሩ በኩል፣ ረጋ ያለ የሴት ድምፅ "አቤት! ይግቡ፣ ይግቡ" አለ።

ማርያምን እላችኋለሁ፣ ያኔ አልፈራሁም፣ ተናደድኩ እንጂ! መጡ ማለት ነው አልኩ በሆዴ፣ ቅዳሜ ያሉት ሴትዮ ከልጃቸው ተደብቀው፣ አውቶብስ ተሳፍረው፣ በጓሮ በር ገብተው ቁጭ ብለዋል። ደላላ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፣ ቤት በሚታይበት ቀን ባለቤቱ እዚያ እንዳይኖር፣ ባለቤት ካለ ወይ ያለቅሳል ወይ ይጣላል፣ ገዢውም እግሩን አንስቶ ጓዳ አይገባም። እነ ጫልቱን ሳሎን ጥዬ ልቆጣቸው ወደ ውስጥ ገሰገስኩ፣ ከፊቴ ነጠላ ጫማ ቴራዞው ላይ ሸርተት ሸርተት ሲል እሰማለሁ፣ "እማማ! እማማ ዘይነባ!" እላለሁ፣ ሸርተት ሸርተት፣ ከዚያ ጸጥ። ኩሽናውን አየሁ የለም፣ መኝታ ቤቶቹን አየሁ የለም፣ የጓሮው በር ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ጠዋት በእጄ የዘጋሁት ክቡ መስኮት ብቻ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ነፋሱ በዚያ እየገባ ፊቴን ይዳብሰኛል።

ወደ ጓሮ ወጣሁና ለከዲጃ ደወልኩ። "እናትሽ ወዴት ናቸው?" አልኳት እየጮህኩ። "ኸረ እዚሁ አጠገቤ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አለችና አቀበለቻቸው፣ እማማ ዘይነባ ራሳቸው በዚያ በማውቀው የወሎ ድምፃቸው "ጽጌዬ፣ ሰው አገኘሽልኝ እንዴ?" አሉኝ። ስልኩን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም።

ተመልሼ ስገባ ሳሎኑ ደንገዝገዝ ብሏል፣ የመጨረሻዋ ፀሐይ በብሎኬቱ ቀዳዳ እየገባች ወለሉ ላይ ተበትናለች፣ ደረጀ መስኮቱ ጋ ቆሞ የብረቱን እጀታ እንደ ሕፃን እጅ በቀስታ ያገላብጣል። ጫልቱ ደግሞ ከግድግዳው ጋር አብሮ በተሠራው መቀመጫ ላይ፣ ፊቷን ወደ ኮሪደሩ አዙራ፣ በኦሮምኛ ታወራለች። ትናገራለች፣ ዝም ብላ ታዳምጣለች፣ "ኤዬ፣ ኤዬ" ትላለች፣ አዎ አዎ ማለቷ ነው፣ ትስቃለች። እኔ የምሰማው የእሷን ብቻ ነው፣ መልሱ አይሰማኝም።

"ከማን ጋር ነው?" አልኳት።

"ከእናትየው ጋር ነዋ፣ ሰው ፊት መውጣት አልተመቻቸውም መሰለኝ፣ ጓዳ ናቸው። ወይኔ እትዬ ጽጌ፣ ሲወደዱ! ክቡን መስኮት ከሰዓት እንዳትዘጊው፣ ቤቱ ይታፈናል አሉኝ፣ የመሃሉ አሸንዳ ክረምት ሳይገባ ይጠረግ አሉኝ፣ ልጅ ስትወልዱ በፀሐይ መውጫ ባለው ክፍል አስተኙት፣ እዚያ እንቅልፍ አለ አሉኝ።"

"መኝታ ቤቶቹን አላያችሁም እኮ" አልኩ።

ደረጀ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ፣ "ባለቤቷ ጓዳ እያሉ ገብተን እናያለን እንዴ? ነውር ነው። ያየነው ይበቃናል፣ ቤቱን እንፈልገዋለን፣ ንገሪልን።" ምን ትሉኛላችሁ? "ጓዳ ማንም የለም" ልበላቸው? እንዲህ ብዬ ነው ገዢ የማገኘው? እሺ አልኩ፣ አስወጣኋቸው፣ ቆለፍኩ፣ ባጃጅ እንኳ ሳልጠብቅ እስከ አስፋልቱ በእግሬ በረርኩ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ቤት ሁለተኛ አይደርስም፣ እኔን ግን የነገር ጉጉት አያስቀምጠኝም። በማግሥቱ ጠራራ ፀሐይ ላይ ብቻዬን ሄድኩ። በረንዳው ላይ ቆሜ "ቤቶች!" አልኩ፣ ምንም። አፈር ልብላ በዚያች በተሰባበረች ኦሮምኛዬም ሞከርኩ፣ ምንም፣ የጎረቤቱ ዘበኛ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ደህና አይደለችም በሚል ዓይን አየኝ። ድብቅ በር አለ ብዬ ግድግዳ ዳሰስኩ፣ ቁም ሳጥን ከፈትኩ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። በመጨረሻ ክቡን መስኮት ዘግቼ ሳሎን ቁጭ አልኩ። እመኑኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ቤቱ ተለወጠ፣ ያ ነጠላ የሚያስደርበው ሳሎን እንደ ዳቦ ቤት ጋለ፣ ላብ ጀርባዬን አጠበኝ። ከፈትኩት፣ ወዲያው ነፋሱ ገባ፣ ቤቱም ተመለሰ። ይሄን እኔ ባለ ቁልፏ አላውቅም ነበር፣ ጫልቱ ከየት አወቀች?

አሰላ ደወልኩ። "እማማ፣ ስለ ክቡ መስኮት ለሰው ነግረው ያውቃሉ?"

"ማን ነገረሽ?"

"ገዢዋ። ባለቤቷ ጓዳ ሆነው ነገሩኝ ነው የምትለው፣ እርስዎ መስለዋታል። በኦሮምኛ ነው የነገሯት።"

እማማ ዘይነባ ስንት ዘመን ናዝሬት ኖረው "አከም ቡልቴ" ከሚል የጠዋት ሰላምታ ያላለፉ ሰው ናቸው፣ ባላቸው ሳይቀር ይቀልዱባቸው ነበር አሉ። አሁን ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ፣ አልሳቁም። "ተጣርታ ነው የገባችው?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "ይቺን ልጅ አሳዪኝ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። ሳጥኔን አላመጣም" አሉ፣ ከኋላ ከዲጃ "አልሐምዱሊላህ" ስትል ሰማሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችንም ግልብጡ ቤት በረንዳ ላይ ተገናኘን፣ እማማ ዘይነባ በከዲጃ ተደግፈው፣ እነ ጫልቱም ብርቱካን ይዘው። ጫልቱ ዝቅ ብላ ሰላም አለቻቸው፣ እሳቸውም ጉንጯን ይዘው "ማሻአላህ" አሉ፣ ደግመው ደጋግመው መረቋት። ልጅቷ ግን ቀና ስትል ፊቷ አመድ መስሏል። ወደ እኔ ጠጋ ብላ በጆሮዬ "እትዬ ጽጌ፣ እኚህ እኮ አይደሉም፣ ድምፃቸውም አይደለም" አለችኝ። እጇን ጭምቅ አደረግሁት። አሁን ትሄዳለች፣ አሁን ሁሉም ነገር ይበላሻል፣ ሴትዮዋም ሳጥናቸውን አስልከው እዚሁ ይቀራሉ አልኩ በልቤ።

እማማ ዘይነባ ሰምተው ይሁን አይተው አላውቅም፣ የልጅቷን እጅ ያዙ፣ "ነይ ልጄ፣ እኔና አንቺ እንግባ፣ እናንተ እዚህ ቆዩ" አሉ። ገቡ፣ በሩ ተዘጋ።

ከዲጃ ስልክ ተደውሎላት ወደ ግቢው በር ሄደች። እኔና ደረጀ በረንዳው ላይ፣ በዚያ ባለ ቀዳዳ ግድግዳ ሥር ቀረን። መጀመሪያ የእማማ ዘይነባ ድምፅ መጣ፣ ዝግ ያለ፣ ቃሉ አይለይም። ከዚያ የጫልቱ። ከዚያ ደግሞ፣ እንግዲህ ጆሮዬን ይቁረጠው ከዋሸሁ፣ ሦስተኛ ድምፅ መጣ፣ ያ ረጋ ያለው፣ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ጠየቀ። ማን መለሰ በሉኝ፣ እማማ ዘይነባ በአማርኛ "አብሽሪ፣ እሷ ጥሩ ልጅ ናት፣ ትኖርበታለች" ብለው መለሱ። ከዚያ ተሳሳቁ፣ ሦስቱም። ደረጀን አየሁት፣ እሱም አየኝ፣ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ የሰው ማሰሮ ከፍቼ ካላየሁ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሴትዮ ተነሳሁ፣ የበሩን እጀታ ያዝኩ፣ መጫን ብቻ ነበር የቀረኝ፣ አልቻልኩም። አልተከለከልኩም፣ ማንም ምንም አላለኝም፣ አልቻልኩም ብቻ።

ሲወጡ ሁለት ናቸው። ጫልቱ ዓይኗ እንባ አርግዟል፣ ግን ያ አመድነቷ ጠፍቶ ፊቷ በርቷል። እማማ ዘይነባ "ይፈረም፣ ቤቱ የእሷ ነው" አሉ። መኪናው ድረስ ደግፌ ሳደርሳቸው አላስቻለኝም፣ "እማማ፣ በሞቴ፣ ውስጥ ማን ነበር?" አልኳቸው።

ቆሙ፣ ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙ። "ጽጌዬ፣ እኔ እኮ እዚህ ቤት ብቻዬን ኖሬ አላውቅም። ያን ሌሊት ወድቀው ሲያድሩ ብቻዎን ነበሩ እያላችሁ ታለቅሳላችሁ፣ አልነበርኩም። ከራስጌዬ ተቀምጣ አይዞሽ ስትለኝ ነው የነጋው። ለማን ነው የምናገረው፣ አበደች እንድትሉኝ? ቤቱን ለሚያፈርስ ሰው ሰጥቼ፣ እሷን ሜዳ ላይ ጥዬ እንዴት አሰላ እንቅልፍ ይወስደኛል?"

"ማናት ግን?"

"አልጠየቅኋት" አሉ፣ የመኪናውን በር እያስከፈቱ። "ሙሽራ ሆኜ መጥቼ ቤቶች ብዬ ስጣራ ይግቡ ያለችኝ እሷ ናት። አስገብታኝ ሳበቃ ማን ነሽ እላታለሁ?"

ውሉ ተፈረመ። እማማ ዘይነባ አሰላ በገቡ ማግሥት ሳጥናቸውን ፈቱ፣ ልብሳቸውን ሰቀሉ፣ በልተው ይተኛሉ አለችኝ ከዲጃ፣ በደስታ ሰፈሩን ሁሉ ልትጠራ ነበር። ሕንፃ ሠሪው ሌላ ቦታ አግኝቶ እየቆፈረ ነው። እነ ጫልቱም ገቡ፣ ለእነዚያ መስኮቶች የሰፋችውን መጋረጃ ከመንገድ ሳየው ልብ ያጠፋል፣ አንዲት ብሎኬት አልነቀሉም፣ አሸንዳውንም ክረምት ሳይገባ አስጠርገዋል። ማርገዟንም ሰምቻለሁ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ቤታቸው አልገባሁም። በዚያ ሳልፍ መንገድ እቀይራለሁ፣ ብርቱካን ልኬላቸዋለሁ፣ በስልክ እንኳን ደስ አላችሁ ብያለሁ፣ ሥራ በዛብኝ እላለሁ። አላምንም ብያችሁ የለ? የማያምን ሰው ምን ያስፈራዋል? ሆዴ እኮ ልሂድ ይላል፣ በረንዳው ላይ ቆሜ ልጣራ፣ ይቺን ነገር በዓይኔ አይቼ ልረፍ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ብትመልስልኝስ እላለሁ፣ ባትመልስልኝስ ደግሞ እላለሁ፣ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

ትናንት ማታ ጫልቱ ደወለችልኝ። ስለ እርግዝናዋ አወራን፣ ስለ ሙቀቱ አወራን፣ ስልኩን ልንዘጋ ስንል "እትዬ ጽጌ፣ ለምንድነው የጠፉት?" አለችኝ። "እናትየው እኮ ሁልጊዜ ይጠይቁዎታል፣ ያን ቀን በሩን ይዛ የቆመችው ለምን ሳትገባ ቀረች ይላሉ።"

የትኛዋን እናት ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እሁድ እመጣለሁ አልኳት።